ጃንሆይ ቤታቸውን ለተማሪ ሲሰጡ

ስድስት ኪሎ ግቢ ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ከሙዚየሙ ፊት ለፊት የቆመውን ግራ የሚያጋባ ደረጃ ሳታዩት አልቀራችሁም። እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣና ድንገት ያልቃል። በር የለው፣ ፎቅ የለው፣ የትም አያደርስ። የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1922 ወደ ሮም ዘምቶ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ የገዛበትን አንድ ዓመት ይወክላል። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ታዲያ ደረጃውን ያፈረሰው የለም፤ ጫፉ ላይ አንዲት ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ወጥታ ተቀመጠችበት። እንደኔ እንደኔ ይኼ ከማፍረስ የባሰ ስድብ ነው።

ፋሺስት የሠራው ደረጃ፣ የንጉሥ አንበሳ፣ ከሥሩ ደግሞ ደብተሩን ይዞ ወደ ክፍል የሚሮጥ ፍሬሽማን። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ እንዲህ የተደራረበ ነው። ባነበብኩት ቁጥር የሚገርመኝ ነገር ቢኖር፣ በየዘመኑ የመጣ መንግሥት ያለ ዩኒቨርሲቲው መኖር አለመቻሉ፣ ከዩኒቨርሲቲው ጋርም ተስማምቶ አለመኖሩ ነው። ነገሩ እንዴት እንደዚህ እንደሆነ ለማየት ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር በሀገሩ ካልነበረበት ጊዜ መነሳት ያስፈልጋል።

የዛሬው የስድስት ኪሎ ግቢ ያኔ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ የዓፄ ኃይለ ሥላሴ መኖሪያ። ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ እንደራሴው ግራዚያኒ ገባበት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ በዚሁ ግቢ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝብ ሰብስቦ ሳለ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ ለሦስት ቀን ከተማው ላይ የወረደውን ግፍ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሐውልቱም ከግቢው በር ፊት ለፊት ቆሟል። ለዛሬው ጨዋታችን ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን ሌላ ነገር ነው። ከሦስቱ ቀን በኋላ በቀጠለው አደን ጣሊያኖች በተለይ የተማረውን ወጣት እየለዩ ፈጁት። ከጦርነቱ በፊት በውጭ ሀገር ተምረው የተመለሱት ጥቂት ልጆች፣ ሀገሪቱ ያላት የተማረ ትውልድ በሙሉ ማለት ይቻላል፣ አለቀ።

ስለዚህ በ1933 ጃንሆይ ሲመለሱ የሚያስተዳድሩት መንግሥት ነበራቸው፣ የሚያስተዳድርላቸው ሰው ግን አልነበራቸውም። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ተከፍቶ ደብዳቤ የሚጽፍ እንኳ በመከራ ይገኛል። የትምህርት ሚኒስትርነቱን ሥራ ራሳቸው ደርበው ያዙት። የኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮተቤ፣ ከዚያም ጄኔራል ዊንጌት ተከፈቱ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ደግሞ እነዚህ ልጆች አሥራ ሁለተኛን ሲጨርሱ ወዴት ይሂዱ የሚል ነው። ሁሉን ወደ ውጭ መላክ አይቻልም።

እዚህ ላይ የታሪክ ቀልድ ይመጣል። ጃንሆይ ሥራውን የሰጡት ለካናዳ ኢየሱሳውያን ነው፤ ለካቶሊክ መነኮሳት። ኢየሱሳውያን በኢትዮጵያ ምን ዓይነት ስም እንዳላቸው አስቡት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዓፄ ሱስንዮስን ካቶሊክ ያደረጉ፣ ሀገሩን በእርስ በርስ ጦርነት ያስጨረሱ ተብለው በዓፄ ፋሲለደስ የተባረሩት እነሱው ናቸው። ከ300 ዓመት በኋላ አንድ ኦርቶዶክሳዊ ንጉሥ ጠርቶ አመጣቸው። ምክንያት ነበረው። ካናዳውያኑ ፈረንሳይኛም እንግሊዝኛም ያውቃሉ፣ ሀገራቸው በአፍሪካ ቅኝ ግዛት የላትም፣ በማስተማር ደግሞ የተመሰከረላቸው ናቸው። እንግሊዝ ገና እጇን ከኢትዮጵያ ላይ ሙሉ በሙሉ ባላነሳችበት ዘመን ከየትኛውም ኃያል መንግሥት ያልሆነ አስተማሪ ማግኘት ቀላል ነገር አልነበረም። ቅድመ ሁኔታም ተቀመጠላቸው፦ ቀሚስ አይለበስም፣ ስለ ሃይማኖት አይሰበክም። መነኮሳቱ ሱፍና ክራቫት አድርገው ክፍል ገቡ። መጀመሪያ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ተረከቡ፤ ቀጥሎ ከመካከላቸው ዶክተር ሉሲየን ማት ኮሌጅ እንዲያቋቁሙ ታዘዙ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አራት ኪሎ ተከፈተ። ተማሪዎቹ 33 ነበሩ። ዛሬ አንድ መካከለኛ የመማሪያ ክፍል የማይሞላ ቁጥር ነው። ምግቡም መኝታውም በመንግሥት፤ ጃንሆይም ራሳቸው እየመጡ ይጎበኟቸው ነበር። ኮሌጁ በሐምሌ 1946 ቻርተሩን አገኘ፣ የመጀመሪያዎቹን ባለ ዲግሪዎችም በዚያው ዓመት አስመረቀ። እንደዛሬው ዲግሪ ይዞ ሥራ ፍለጋ መንከራተት የሚባል ነገር የለም፤ መሥሪያ ቤቶቹ ተመራቂውን ይሻሙበታል። በእነዚያ ዓመታት ሌሎችም ኮሌጆች በየቦታው ብቅ ብቅ አሉ፦ የምህንድስናው፣ ልደታ ያለው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ፣ የጎንደር ጤና ኮሌጅ፣ ከኦክላሆማ በመጡ አሜሪካውያን ድጋፍ የተቋቋመው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ።

ወደ ፖለቲካው ከመግባታችን በፊት ብዙ ሰው የማያውቃትን አንዲት የአራት ኪሎ ጥግ ላሳያችሁ፤ ካላሳየኋችሁ አያስችለኝም። የመሬት መግነጢስ ኃይል የራሱ ወገብ አለው፤ የኮምፓስ መርፌ ወደ ምድር ሳይዘነብል ወደ ሰማይም ሳይነሳ ቀጥ ብሎ የሚጋደምበት መስመር ነው። ይህ መስመር የሚያልፈው ከካርታው የምድር ወገብ በላይ፣ በአዲስ አበባ አቅራቢያ ነው። ከሱ በላይ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቀን ቀን ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። ሳይንቲስቶች ይህን ለመለካት በመስመሩ ሥር ጣቢያ መትከል ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ1957 ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲታወጅ ፒየር ጉዋን የሚባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቋሙ። መግነጢሱን ብቻ ለክተው አልቀሩም፤ የመሬት መንቀጥቀጥ መዝጋቢም አስገቡ። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነስቶ ማጀቴ ስትፈርስ ሄደው አጠኑ። ከዚያም ከየገዳማቱ ዜና መዋዕልና ከተጓዦች ማስታወሻ ጭምር እየለቀሙ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመንቀጥቀጥ ታሪክ በአንድ ትልቅ መጽሐፍ አወጡ። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ እየተንቀጠቀጠ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ሌሊት ከአልጋው ሲነሳ፣ በቴሌቪዥን እየቀረቡ የሚያስረዱት ባለሙያዎች የዚያው ተቋም ተተኪዎች ናቸው።

እሺ፤ ወደ ፖለቲካው።

በ1950 ዓ.ም. አክራ ላይ ነጻ የአፍሪካ መንግሥታት ሲሰበሰቡ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ወጣቶች 200 የነጻ ትምህርት ዕድል እሰጣለሁ አለች። ለጃንሆይ የክብር ጉዳይ ነበር። ከኬንያ፣ ከናይጄሪያ፣ ከታንጋኒካና ከሌሎችም የመጡት ተማሪዎች ግን ሻንጣቸው ውስጥ ልብስ ብቻ አልያዙም። ቅኝ ግዛትን ሲታገሉ ያደጉ ናቸው፤ ስብሰባ መምራት፣ ማኅበር ማደራጀት፣ መንግሥትን ፊት ለፊት መተቸት ያውቁበታል። ለኢትዮጵያዊው የዶርም ጓደኛቸው የሚያቀርቡለት ጥያቄም ቀላል ነው፤ «እናንተ ነጻ ናችሁ፤ ታዲያ ገበሬያችሁ ለምን እንዲህ ሆነ?» ዓይነት። የሦስት ሺህ ዓመት ነጻነት ሲዘመርለት የኖረ ልጅ ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ አይተኛም።

ጥያቄው በግጥም ወጣ። በኮሌጅ ቀን በዓል ተማሪዎች በአማርኛ ግጥም ይወዳደራሉ፤ መኳንንቱ ይታደማሉ፣ ጃንሆይም ይገኛሉ። በ1953 ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘውን ግጥም አነበበ። ርዕሱ ብቻውን በቂ ነው። በሀገራችን ቅኔ ሁልጊዜም ለትችት መውጫ ነበር፤ ነገር በሰም ተሸፍኖ ለንጉሥ ሲነገር ኖሯል። የኮሌጁ ልጆች ያደረጉት ሰሙን ገፍፎ ወርቁን አደባባይ ማውጣት ነው።

በዚያው ዓመት፣ በታኅሣሥ 1953፣ ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ የመንግሥት ግልበጣ ሞከሩ። ዋና ቦታቸው ገነተ ልዑል ነበር። መኳንንቱንና ሚኒስትሮቹን አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ አጎሯቸው። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ግልበጣውን ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ታማኙ ጦር ቤተ መንግሥቱን ሲከብ አመፀኞቹ ያሰሯቸውን በጥይት ረሸኗቸው፤ ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻ፣ አቶ መኮንን ሀብተወልድ፣ የጃንሆይ የቅርብ ሰው አባ ሐና ጅማ ከሟቾቹ መካከል ናቸው። ዛሬ ሙዚየሙ ውስጥ የጃንሆይን መኝታ ቤት ስትጎበኙ መስተዋታቸው ላይ ያለውን የጥይት ቀዳዳ አስተውሉት፤ የዚያ ሰሞን ነው።

ከዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1954፣ ጃንሆይ ይህንኑ ቤተ መንግሥት ለትምህርት ሰጡ። በየቦታው ያሉት ኮሌጆች አንድ ላይ ተጠቃለው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባሉ፤ ቻንስለሩም ራሳቸው ሆኑ። ይህ ስጦታ ሁለት ዓይነት ይተረጎማል። አንዳንዱ የንጉሡን የትምህርት ፍቅር ያነሳል፤ ሌላው ደግሞ ወዳጆቻቸው ያለቁበት ቤት ውስጥ ማደር አቅቷቸው ነው ይላል። ለኔ አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም። አዲሱ የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ዝግጁ ነበር፣ ደም የፈሰሰበት ቤት ማንም አይወድም፣ ዩኒቨርሲቲም ያስፈልግ ነበር። የሚገርመው ግን ለማን እንደሰጡት ነው፤ ከዓመት በፊት ገልባጮቻቸውን ደግፈው ሰልፍ ለወጡት ልጆች።

ለመነሻው ከዩታ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ሃሮልድ ቤንትሊ በተጠባባቂነት መሩት፤ ቀጥሎ የጃንሆይ የልጅ ልጅ ባል የነበሩት ልጅ ካሣ ወልደማርያም ፕሬዚዳንት ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በገነተ ልዑል ሕንፃ ውስጥ ተቋቋመ፤ ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ፓንክረስት፣ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ያደራጁት ደግሞ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ ናቸው። የድሮ ብራናዎች፣ ሥዕሎች፣ መስቀሎች የንጉሥ መኝታ ቤት አጠገብ ተደረደሩ። በአሜሪካ ገንዘብ የተሠራው ትልቁ ቤተ መጻሕፍት በኬኔዲ ስም ተሰየመ፤ ተማሪው እስካሁን «ኬኔዲ» ብቻ ብሎ ይጠራዋል። የሕግ ፋኩልቲና የሕክምና ፋኩልቲም በእነዚሁ ዓመታት ተከፈቱ።

ከሁሉም በላይ ነገሩን የለወጠው ግን አንድ መመሪያ ይመስለኛል። ከ1957 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ማንኛውም ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል ተደነገገ፤ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይባላል። አብዛኛው መምህር ሆኖ ይላካል። መንግሥት ያሰበው ግልጽ ነው፤ ትምህርት ቤቶቹ መምህር ያገኛሉ፣ የከተማው ልጅም ሀገሩን ያውቃል። አወቀ። የዓመት እህሉን ግማሽ፣ አንዳንዴም ከግማሽ በላይ ለባለ መሬት የሚያስረክብ ጭሰኛ ቤት ገብቶ ቡና ጠጣ። «መሬት ላራሹ» የሚለው ሰልፍ የወጣው በዚያው የመጀመሪያ ዓመት፣ በየካቲት 1957፣ ፓርላማው ስለ ጭሰኞች ሕግ ሲወያይ ነው። ሰልፉ አገልግሎቱ የወለደው ነው አልልም፤ «አዞዎች» የሚባለው የግራ ተማሪዎች ቡድን ቀድሞም ነበር። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ከየገጠሩ የሚመለሰው እያንዳንዱ ተማሪ ለመፈክሩ የዓይን ምስክር ሆነለት። መንግሥት በራሱ በጀት፣ በራሱ አውቶቡስ፣ ተቃዋሚውን ለመስክ ጥናት ይልክ ነበር ማለት ነው።

የተማሪው ንቅናቄ ሁሉ የጠራ ሐሳብ ብቻ ነበር ብላችሁ እንዳታስቡ። በመጋቢት 1960 ራስ መኮንን አዳራሽ ውስጥ የፋሽን ትርዒት ተዘጋጀ። አጭር ቀሚስ የባህል ወረራ ነው ያሉ ተማሪዎች እንቁላልና ቲማቲም ይዘው መጡ፤ የወጣቶቹን ሴቶች መንገድ ዘግተው ተሳደቡ፣ ወረወሩ። ነገሩ ተባብሶ ዩኒቨርሲቲው እስከ መዘጋት ደረሰ። አብዮተኛ ነኝ የሚል ወጣት የሴት ልጅ ቀሚስ ሲለካ ማየት ደስ አይልም፤ የንቅናቄውን ታሪክ ሲተርኩ ብዙዎች ይህችን ገጽ ቶሎ ይገልጧታል።

1962 የከረረበት ዓመት ነው። በኅዳር ዋለልኝ መኮንን በተማሪዎቹ መጽሔት ላይ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ያወጣት ጥቂት ገጽ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ድረስ እያከራከረችን ነው። ታኅሣሥ 19 የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው አመሻሽ ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ። በማግሥቱ ጓደኞቹ አስከሬኑን ግቢ ይዘው ገብተው ለቅሶ ተቀመጡ። የክብር ዘበኛ ጦር ግቢውን ከበበ፣ ተኮሰም። ጃንሆይ ለትምህርት በሰጡት ቤታቸው ግቢ ውስጥ፣ የራሳቸው ዘበኞች ተማሪ ገደሉ።

በ1966 አብዮቱ ሲፈነዳ መፈክሩን የሰጡት ተማሪዎች፣ ጠብመንጃውን የያዙት ደግሞ ወታደሮች ነበሩ። ደርግ በየካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅን አወጣ፤ የስድስት ኪሎ ሰልፍ መፈክር የነጋሪት ጋዜጣ አዋጅ ሆነ። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ግን ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪና መምህሩ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተልኳል፤ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር 60 ሺህ ያህል ሰው። የንጉሡ ስም ከተቋሙ ላይ ተነስቶ መጀመሪያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ዘማቾቹ ሲመለሱ የጠበቃቸው ነጭ ሽብርና ቀይ ሽብር ነው። የአንድ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች እርስ በርስ ተገዳደሉ፣ ታሠሩ፣ ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ዛሬ ዋሽንግተን አካባቢ ካሉት የዚያ ዘመን ሰዎች ስንቱ የስድስት ኪሎ ልጅ እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ልጅ ካሣም በደርግ ተገደሉ። በዚያ ሁሉ መሐል፣ ነገሩ ለማመን ይከብዳል እንጂ፣ በ1971 የድኅረ ምረቃ ትምህርት ተጀመረ። የውጭ ሀገር መምህራኑ ሄደዋል፤ ስለዚህ ሀገሩ ለዩኒቨርሲቲው መምህር የሚሆነውን ሰው እዚሁ ማፍራት ግድ ሆነበት።

ኢሕአዴግ ሲገባ ታሪኩ በሌላ ልብስ ተደገመ። ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ተማሪዎች የኤርትራን ሕዝበ ውሳኔ በመቃወም የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ጋሊ በመጡበት ቀን ሰልፍ ወጡ፤ ተተኮሰባቸው፣ ሰው ሞተ፣ ግቢው ተዘጋ። ከሦስት ወር በኋላ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ተባረሩ፤ ስመ ጥሩው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ አንዱ ናቸው። በሚያዝያ 1993 ደግሞ ተማሪው ፖሊስ ከግቢ ይውጣ፣ ጋዜጣችን ይመለስ፣ ማኅበራችን ነጻ ይሁን አለ። ጥያቄው የ1950ዎቹ አባቶቹ ጥያቄ ግልባጭ ነው ማለት ይቻላል። መልሱም ያው ነበር፤ ሁከቱ ወደ ከተማው ወጥቶ በርካታ ሰው ሞተበት።

ከዚያ ወዲህ በየክልሉ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ ዓለማያም ቀደም ብሎ ራሱን ችሎ ወጥቷል። አዲስ አበባ ብቸኛው መሆኑ ቀረ፣ ነገር ግን ለሌሎቹ መምህር አሠልጥኖ የሚልከው በአብዛኛው እሱ ሆነ። የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትና የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ገቡበት።

አሁን ያለንበት ምዕራፍ በ2015 ዓ.ም. በወጣ ሕግ የተከፈተ ነው፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሀገሪቱ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በሕጉ መሠረት ተማሪውን ራሱ ፈትኖ ይቀበላል፣ ሠራተኛውን ራሱ ይቀጥራል፣ ገቢውንም ያመነጫል። በወረቀት ላይ ይህ 1993 ላይ ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ ይመስላል። ገቢ ማመንጨት ሲባል ግን ከገቢው የተወሰነው ከተማሪው ኪስ ነው የሚወጣው። 33ቱ ልጆች አራት ኪሎ ሲገቡ የበሉትም የተኙበትም በነጻ ነበር፤ ብዙዎቹ በራሳቸው ይከፍሉ ቢባል ኖሮ ደጁንም አያዩትም። ራስ ገዝነቱ ዩኒቨርሲቲውን ከሚኒስቴሩ እጅ ምን ያህል እንደሚያስለቅቀው የሚታየው፣ ከየወረዳው የሚመጣው የገበሬ ልጅ ክፍያውን በምን እንደሚሸፍን ሲወሰንና ቦርዱ የማይወደው ፕሮፌሰር ሲናገር ነው።